ስኳርዎን ይለካሉ፤ ግፊትዎንስ?

በዚህ ወር የጤናና የምግብ አምዳችን የምናነሳው ጉዳይ ስኳር ያለባቸውን ወገኖቻችንን ይመለከታል። ስለ ስኳሩ ግን ብዙ አናወራም። ስኳር ያለበትን ሰው ከስኳሩ ይልቅ ስለሚጎዳው ነገር ነው የምናወራው።

አንድ የማውቃቸው የኮምቦልቻ አባት አሉ። ስኳር እንዳለባቸው ካወቁ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። መለኪያዋን በኮታቸው ኪስ ይዘው ይዞራሉ፤ ሠርግ ቤት ገብተው ለስላሳ ሲቀርብላቸው ውሃ ይጠይቃሉ፤ ሻይ ያለ ስኳር ነው የሚጠጡት። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ስለ ጥንቃቄያቸው ይመሰክርላቸዋል። አንድ ቀን ከሱብሒ ሶላት ተመልሰው ቡና ሲቀርብላቸው ሲኒው ከቀኝ እጃቸው ወደቀ። ለማንሳት ሞከሩ፤ እጃቸው አልታዘዝ አለ። ምላሳቸውም ተሳሰረ። ቤተሰቡ መጀመሪያ ስኳር ወርዶባቸው ነው ብሎ ማር አቀመሳቸው። ጎረቤት ደግሞ ምች ነው አለ፤ ሌላው ሌላ ነገር ጠረጠረ። የሐረጎን ዳገት አቋርጠው ደሴ ሲደርሱ ቀትር ሆኖ ነበር። ስኳራቸው ሲለካ 140 ነው፤ ለእሳቸው መልካም የሚባል ቁጥር። የደም ግፊታቸው ግን 200 በ110።

አልሐምዱሊላህ በሕይወት አሉ። ቀኝ እጃቸው ግን እስከዛሬ ሲኒ አያነሳም። እኔን ያስገረመኝ ከዚያ በኋላ የሰማሁት ነው። ከአራት ዓመት በፊት ግፊት እንዳለባቸው ተነግሯቸው ኪኒን ተሰጥቷቸው ነበር። አንድ ወር ወሰዱ፤ ምንም የሚያማቸው ነገር ስለሌለ ተዉት። ስኳሩን ግን በየቀኑ ይለኩ ነበር።

እርስዎስ? ስኳር ያለብዎት ከሆነ ለመጨረሻ ጊዜ ግፊትዎን የተለኩት መቼ ነው? ቁጥሩንስ ያስታውሳሉ?

ሁለቱ ለምን አብረው ይመጣሉ?

በአዋቂነት ዕድሜ የሚመጣው ዓይነት ሁለት የተባለው የስኳር በሽታ ብቻውን የሚኖር በሽታ አይደለም። ዓይነት ሁለት ስኳር ካለባቸው ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት የደም ግፊትም አለባቸው። አጋጣሚ እንዳይመስልዎት፤ ሁለቱ ከአንድ ሥር የሚበቅሉ ናቸው። በዓይነት ሁለት ስኳር ሰውነት ኢንሱሊን አያጣም፤ ኢንሱሊኑን መስማት ነው የሚያቅተው። ቆሽት ይህን ለማካካስ ኢንሱሊን አብዝታ ታመነጫለች። በደም ውስጥ የበዛው ኢንሱሊን ደግሞ ኩላሊት ጨውን ከሽንት ጋር እንዳታስወጣ፣ ይዛ እንድታስቀር ያደርጋታል። ጨው ባለበት ውሃ ይከተላል። በሥሮች ውስጥ የሚሄደው ፈሳሽ ሲጨምር ግፊቱ ከፍ ይላል። ቦርጭ ሲጨመርበት ደግሞ ነገሩ ይብሳል።

በሌላ በኩል ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር የደም ሥሮችን የውስጥ ገጽ ያሻክራል፤ ሥሮቹንም ያደርቃቸዋል። በሻከረው ቦታ ላይ ስብ ይለጠፋል። ውስጡ የዛገ አሮጌ የውሃ ቧንቧ አስቡ። በዚያ ቧንቧ ላይ የውሃውን ኃይል ቢጨምሩበት ምን ይሆናል? አንድም ይደፈናል፣ አንድም ይፈነዳል። የልብ ጡንቻን የሚመግበው ሥር በድንገት ሲደፈን ያ የልብ ክፍል ይሞታል። የአንጎል ሥር ሲደፈን ወይም ሲፈነዳ ስትሮክ ይባላል። የኩላሊትና የዓይን ቀጫጭን ሥሮች ሲጎዱ ደግሞ ሰውየው ሳይሰማው ኩላሊቱ ይደክማል፣ ዓይኑ ይፈዝዛል። ስኳር ያለበት ሰው በልብ ሥር መደፈን ወይም በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። ዓይነት ሁለት ስኳር ያለባቸውን ሰዎች በብዛት የሚገድላቸውም የልብና የደም ሥር በሽታ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ስም ጥቂት ልበል። በአገራችን ይህ በሽታ ለብዙ ዘመን «ደም ብዛት» ሲባል ኖሯል። ስሙ ብዙ ሰው አሳስቷል። ደም በዝቷል ከተባለ መፍትሔው ደም ማስወጣት ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ዛሬም አለ፤ ዋግምት ተደርጎለት ኪኒኑን የተወ ሰውም አጋጥሞኛል። የበዛው ደም አይደለም። ደሙ በሥሮቹ ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ነው የበዛው። ሒጃማ ማድረግ የሚፈልግ ሰው ያድርግ፤ ንጽሕናው ይጠበቅ፤ ግን የግፊት ኪኒንን አይተካም። ስኳር ላለበት ሰው ደግሞ ቁስሉ ቶሎ ላይድን ይችላልና ለሐኪሙ ሳይነግር ባያደርገው ይሻላል።

አሥር ነጥብ ምን ያህል ያተርፋል?

ግፊት በሁለት ቁጥር ይነገራል። የላይኛው ልብ ስትጨመቅ፣ የታችኛው ልብ ስታርፍ ያለው ነው። በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90ና ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት አለ ይባላል። ስኳር ላለበት ሰው ግን ሐኪሞች፣ ሰውየው ከቻለው፣ ከ130 በ80 በታች እንዲሆን ይፈልጋሉ። ለሸመገሉና ሲነሱ ለሚያዞራቸው ሰዎች ልኩ ሊላላ ይችላል።

ጥቂት ነጥብ መቀነስ ምን ይጠቅማል የሚል ካለ የእንግሊዙን ጥናት ይስማ። እ.ኤ.አ. በ1998 ውጤቱ በወጣው ትልቅ የእንግሊዝ የስኳር በሽታ ጥናት ውስጥ ስኳርም ግፊትም ያለባቸው 1,148 ሰዎች በሁለት ተከፍለው ከስምንት ዓመት በላይ ክትትል ተደርጎላቸዋል። አንደኛው ቡድን ግፊቱ በጥብቅ ተይዞ በአማካይ 144 በ82 ላይ ዋለ፤ ሌላው 154 በ87 ላይ። ልዩነቱ በላይኛው ቁጥር አሥር ነጥብ ብቻ ነው። በጥብቅ በተያዙት ላይ ግን ስትሮክ በ44 በመቶ፣ ከስኳር ጋር የተያያዘ ሞት በ32 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። አሥር ነጥብ! ርካሽ በሆኑ የቆዩ ኪኒኖች ነው ይህ የተገኘው።

ወደ አገራችን ስንመጣ በ2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2015) ከ15 እስከ 69 ዓመት ባሉ ኢትዮጵያውያን ላይ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ሰው 16 ያህሉ ከፍ ያለ ግፊት ነበራቸው። አብዛኞቹ ሕክምና ላይ አልነበሩም። በዚያው ጥናት አንድ ኢትዮጵያዊ በቀን የሚበላው ጨው በአማካይ 8.3 ግራም ሆኖ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው፤ ይህም አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። በቀን ሙሉ፣ በወጡም በዳቦውም በበርበሬውም ያለው ሁሉ ተደምሮ።

ቡናችን እና ጨዉ

ወሎዬ ከሆኑ ወዴት እንደማመራ ሳይገባዎት አልቀረም። ቡናችንን በጨው ነው የምንጠጣው። ጨዉ በጀበናው የሚጨመርበትም፣ በሲኒ የሚጨመርበትም ቤት አለ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልን፣ ጠዋትም ከሰዓትም፣ ዱዓ ካለ ደግሞ ከዚያ በላይ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ታዝቤያለሁ። ሰው ስኳር እንዳለበት ሲነገረው መጀመሪያ የሚያደርገው ሻዩን መተው ነው። ሻይ ያለ ስኳር አይጥምማ! ከዚያ ወደ ቡና ይዞራል። ቡናውም በጨው ነውና «ስኳር የለበትም» ብሎ ተረጋግቶ ይጠጣል። ቀድሞ ሦስት ሲኒ የነበረው ስድስት ይሆናል። አንዱን ሸሽቶ ሌላው ላይ ማረፍ ነው። ጨው ስኳሩን ከፍ አያደርግም፤ እውነት ነው። የሚያነሳው ግፊቱን ነው። ከላይ እንዳልነውም ስኳር ያለበት ሰው ኩላሊት ጨውን በቀላሉ አትለቅም።

ቡናውን ይተዉ አልልም፤ ብልም የሚሰማኝ የለም። ቡና ራሱ ለጥቂት ሰዓት ግፊትን ትንሽ ከፍ ቢያደርግም በመጠኑ ለሚጠጣ ሰው ብዙ የሚያሳስብ አይደለም። የምለው ጨዉን ነው። ጨው በጀበናው የሚጨመርበት ቤት ከሆነ ጨዉ ከመግባቱ በፊት የእርስዎ ሲኒ ይቀዳ። ቡና አፍይዋ ባለቤትዎ፣ ልጅዎ ወይም ጎረቤትዎ ብትሆን አንድ ጊዜ በግልጽ ይንገሯት። «ግፊት አለብኝ፣ የእኔን ያለ ጨው» ማለት ነውር አይደለም። ጤና አዳም ጣል ሲደረግበት ጨዉ ያን ያህል አይናፍቅም። ደግሞ ምላስ ይለምዳል። የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ይከብዳሉ፤ ከዚያ በኋላ የድሮውን ቢቀምሱት ራሱ ይጎመዝዝዎታል።

ከቡናው ቀጥሎ በርበሬ፣ ሚጥሚጣና አዋዜ ይታዩ። በርበሬ ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፤ ወጡ ሲበስል እንደገና ይጨመራል፤ ማዕድ ላይ ደግሞ ሚጥሚጣ ይቀርባል። ሦስት ጊዜ ጨው መሆኑ ነው። በርበሬ ስታስፈጩ ያለ ጨው አስፈጭታችሁ ጨዉን ወጡ ላይ ብቻ መመጠን ይቻላል። ጨዉ አዮዲን ያለበት መሆኑ ለእንቅርት ይጠቅማል፤ ለግፊት ግን ልዩነት አያመጣም።

ስለ ዘይት በአጭሩ። በደሴ ብርድ ጀሪካን ውስጥ የሚረጋውን ዘይት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የፓልም ዘይት ነው። ግማሽ ያህሉ የደም ሥር ላይ የሚለጠፈውን ስብ የሚያበዛ ዓይነት ነው። የሱፍና የኑግ ዘይት ከእሱ በብዙ ይሻላሉ። ዋጋው እንደማይመች አውቃለሁ፤ ስለዚህ ውድ ዘይት ግዙ ከማለት መጠኑን ቀንሱ ማለት ይቀላል። ቅቤም ለበዓል ይሁን።

እንጀራው፣ ጢቢኛው፣ ማሽላው ሁሉ መጠኑ ነው ነገሩ። ከእንጀራው ይልቅ ጎመኑ፣ ምስሩና ሰላጣው ሰፋ ይበል። ማር ከስኳር ይለያል እያሉ በማር የሚተኩ አሉ። ማርም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ጥቁር አዝሙድ ግፊትንም ስኳርንም በጥቂቱ ዝቅ እንደሚያደርግ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። በምግብ መልክ ይጠቀሙበት፤ ኪኒኑን ጥለው ግን አይሁን።

ጫቱስ?

ይህን ርዕስ ብዘለው የሚደሰት ሰው ብዙ ነበር። ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል ቅመም አለ። ልብን ያፈጥናል፣ ሥሮችን ያጠብባል፣ ግፊትን ለሰዓታት ከፍ አድርጎ ያቆያል። ጤነኛ ሥር ይህን ሊችለው ይችላል፤ በስኳር የደረቀና የጠበበ ሥር ግን አይችለውም። በየመን ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት የልብ ሥር ድንገት የተደፈነባቸውን ሰዎች ከሌሎች ጋር ሲያወዳድር ቃሚዎች ለአደጋው ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው አግኝቷቸዋል፤ አብዝተው የሚቅሙት ደግሞ እጅግ ይብሱ ነበር።

ከጫቱ ጋር የሚመጣውም አይናቅም። ለስላሳው፣ በስኳር የወፈረው ሻይ፣ ሲጋራው፣ የተዘለለው ምሳ፣ የታጣው እንቅልፍ፣ የተረሳው የማታ ኪኒን። ወዳጃ ላይ ቁጭ ብሎ ዱዓ ማድረግ ያለ ጫትም ይቻላል። ስኳርና ግፊት ያለበት ሰው ጫትን ፈጽሞ ቢተወው ነው የሚበጀው። ይህን የምለው ስለ ሥሮቹ አስቤ ነው፤ የሸሪዓውን ብያኔ ለባለቤቶቹ እተወዋለሁ።

ልብ ሳትጮህ ስትታመም

የልብ ሥር ሲደፈን ደረት ላይ ድንጋይ የተጫነ ያህል ያማል፤ ሕመሙ ወደ ግራ ክንድና ወደ መንጋጋ ይሄዳል። ይህ የሚታወቀው ነው። ስኳር ያለበት ሰው ላይ ግን ሕመሙ ላይኖር ይችላል። ስኳር ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ነርቮችን ያደነዝዛል፤ እግር እሾህ ሲወጋው እንደማይሰማው ሁሉ ልብም ስትጎዳ አትናገርም። በሕመም ፋንታ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ ምክንያቱ የማይታወቅ ድካም ይመጣል። ብዙ ሰው «ጨጓራዬ ነው» ብሎ የጨጓራ መድኃኒት ይውጣል። ስኳር ካለብዎትና እንዲህ ያለ ነገር ድንገት ከመጣብዎት ጨጓራ ነው ብለው አይደሩ።

ደሴዎች ሌሎች ከተሞች የሌላቸው አንድ መለኪያ አላችሁ፤ ዳገት። ከተማችሁ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ በጦሳ ጥግ የተሠራች ናት። ከፒያሳ ወደ ቤት መውጣት ራሱ ምርመራ ነው። አምና ሳያርፉ የወጡትን ዳገት ዘንድሮ ሁለት ጊዜ ቆመው የሚወጡ ከሆነ «አርጅቼ ነው» ብለው አይለፉት። ሌሊት ትራስ ሳይደራርቡ መተኛት ካቃተዎት፣ ማታ ማታ ቁርጭምጭሚትዎ ካበጠ፣ ልብ መድከም ጀምራ ይሆናልና ሐኪም ይይዎት። ኮምቦልቻዎች ሜዳው ይበዛላችኋል፤ አየሩም ይሞቃል፤ እናንተ ወደ ደሴ ስትወጡ የሚያጥራችሁን ትንፋሽ ልብ በሉ።

አፍ ወደ አንድ ጎን ሲጣመም፣ አንድ እጅ አልነሳም ሲል፣ ንግግር ሲተሳሰር ግን ምንም ጊዜ የለም። በእኛ አካባቢ ይህን ምች ነው፣ ጅን መታው የማለት ልማድ አለ። ቁርኣን መቅራቱም ዱዓውም አይከለከልም፤ መኪና ላይ ሆኖም ይቀራል። ሰውየው ግን በዚያች ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይንቀሳቀስ። ምግብም ውሃም ማርም በአፉ አይግባ፤ መዋጥ አቅቶት ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። መለኪያ ቤት ውስጥ ካለ ስኳሩ ወርዶ እንደሆነ በደቂቃ ይታወቃል።

አለካኩ

ግፊት ሲለካ የሚሠራው ስህተት ብዙ ነው። ዳገት ወጥቶ፣ ተሯሩጦ ገብቶ ወዲያው ክንዱን የሚዘረጋ ሰው ከፍ ያለ ቁጥር ያገኛል። ከመለካትዎ በፊት አምስት ደቂቃ ይቀመጡ። ቡና፣ ጫትና ሲጋራ ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት በፊት ይቁሙ፤ ጫት እንዲያውም ለሰዓታት ያዛባዋል። ሽንትዎን ይሽኑ። ጀርባዎ ይደገፍ፣ እግርዎ አይቆላለፍ፣ ክንድዎ በልብዎ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፤ በጋቢም በሹራብም ላይ አይለካ። እየተለኩ አይነጋገሩ።

ስኳር ላለበት ሰው አንድ ተጨማሪ አለ። ተቀምጠው ከተለኩ በኋላ ቆመውም ይለኩ። ነርቩ የተጎዳ ሰው ሲነሳ ግፊቱ ድንገት ሊወርድ ይችላል። ከሱጁድ ወደ ቂያም ሲነሱ ዓይንዎ የሚጨልምብዎ፣ የሚያንገዳግድዎ ከሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩ። የኪኒኑ መጠን ወይም ሰዓቱ መስተካከል ይኖርበት ይሆናል። በራስዎ ግን አያቋርጡ።

ስለ ኪኒኑ ካነሳን፣ ስኳርም ግፊትም ላለበት ሰው፣ በተለይ ሽንቱ ላይ ፕሮቲን ከታየ፣ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ኢናላፕሪል ወይም ሎሳርታን ነው፤ ኩላሊትንም ይጠብቃሉ። ኢናላፕሪል አንዳንዱን ሰው ደረቅ ሳል ያስለዋል። ሳሉ ሲመጣ መድኃኒቱን ጥሎ መቅረት ሳይሆን እንዲቀየር መጠየቅ ነው። ለነፍሰ ጡር እነዚህ ሁለቱ አይሰጡም፤ ለማርገዝ ያሰበች እህት አስቀድማ ትናገር። አምሎዲፒንም ይታዘዛል፤ አንዱ ብቻውን ስለማይበቃ ሁለትና ሦስት ኪኒን መታዘዙ በሽታው ባሰ ማለት አይደለም። ዕድሜያቸው ከአርባ ላለፈ የስኳር ሕሙማን ለአብዛኞቹ የስብ መቀነሻው አቶርቫስታቲን ወይም ሲምቫስታቲን ይጨመራል። አስፒሪን ግን ለሁሉም አይደለም፤ ጎረቤት ስለወሰደ አይወሰድም።

አንድ ብዙ የማይነገር ነገር ልጨምር። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ፋርማሲ ገብቶ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ገዝቶ ለወራት ይውጣል። እነዚህ ማስታገሻዎች ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፣ የተጎዳን ኩላሊት ደግሞ ይጨርሳሉ። «ግፊቴ በኪኒን አልወርድ አለ» የሚሉ ሰዎችን ሻንጣ ብትፈትሹ ከነዚህ አንዱን ማግኘታችሁ አይቀርም።

ረመዷን ሳይገባ

ስኳር ያለባቸው ሙስሊሞች በረመዷን እንዴት እንደሚጾሙ በ13 አገሮች ከ12 ሺህ በሚበልጡ ሰዎች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ጥናት፣ ዓይነት ሁለት ካለባቸው ከመቶው 79ኙ ቢያንስ ለ15 ቀን መጾማቸውን አሳይቷል። በዚያው ጥናት ሆስፒታል የሚያስገባ የስኳር መውረድ በጾሙ ወር 7.5 እጥፍ ጨምሮ ነበር። ሰው አላህ ለታመመ የሰጠውን ፈቃድ እያወቀ ይጾማል፤ ልቡ እሺ አይለውማ። ስለዚህ መጾም ያሰበ ሰው ተዘጋጅቶ ይጹም።

ዓለም አቀፍ መመሪያዎች ከረመዷን ስድስትና ስምንት ሳምንት አስቀድሞ ሐኪም ማየትን ይመክራሉ። በእኛ አቆጣጠር ረጀብ ሲገባ ማለት ነው። ሐኪሙ ስኳሩን፣ ግፊቱን፣ ኩላሊቱን አይቶ መጾም ይችሉ እንደሆነ ይነግርዎታል። በቅርቡ ስትሮክ ወይም የልብ ሥር መደፈን የደረሰበት፣ ልቡ ወይም ኩላሊቱ በጣም የደከመ ሰው አይጹም ይባላል። ለሚጾመው ደግሞ የመድኃኒቱ ሰዓት ይቀየራል። ግሊቤንክላማይድ ቀን ላይ ስኳርን በጣም ስለሚያወርድ መጠኑ ይቀነሳል ወይም በሌላ ይተካል። ሽንት የሚያሸኑ የግፊት ኪኒኖች በሱሑር ከተወሰዱ ሰውነትን ያደርቃሉ፤ በኮምቦልቻ ሙቀት ደግሞ ይብሳል። ሐኪሙ ወደ ኢፍጧር ሊያዛውራቸው ይችላል። በቀን አንዴ የሚወሰድ የግፊት ኪኒን ግን በረመዷን የሚቋረጥበት ምክንያት የለም፤ በኢፍጧር ወይም በሱሑር ይወሰዳል።

ጣት ተወግቶ ስኳር መለካት ጾም አያፈርስም። ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ጾሙ ይፈታ፤ ለመግሪብ አሥር ደቂቃ ቢቀረውም። ኢፍጧር ላይ ከአንድ እስከ ሦስት ተምር ይበቃል። ሳምቡሳው ዘይት፣ ሾርባው ጨው፣ አብሹ በማር የጣፈጠ ከሆነ ቀኑን የተጾመው ማታ ይወራረዳል። አብሹን ያለ ማርና ያለ ስኳር መጠጣት ይቻላል።

ያ የኅዳር ወር

በጥቅምት 2014 መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ስንቱ ሰው በአንድ ሌሊት ከቤቱ እንደወጣ ታስታውሳላችሁ። ከተሞቹ በኅዳር መጨረሻ እስኪለቀቁ ድረስ አንድ ወር አለፈ። የደሴ ሆስፒታል ተዘርፎ ነበር፤ ጤና ጣቢያዎችና ፋርማሲዎችም እንዲሁ። የስኳርና የግፊት ሕሙማን መድኃኒታቸውን አቋርጠው ቀሩ። ተሰደው አዲስ አበባና ደብረ ብርሃን የገቡት ደግሞ ሐኪም ፊት ሲቀርቡ የሚወስዱትን ኪኒን ስም አያውቁም ነበር። «ነጯ ክብ፣ ጠዋት አንድ ማታ አንድ» ነው መልሱ። ሐኪሙ ነጭ ክብ ኪኒን ስንት ዓይነት ያውቃል!

ዛሬ የደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም፣ ቦሩ ሜዳም ሥራ ላይ ናቸው፤ ግፊት ለመለካት ግን እዚያ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ የቀበሌው ጤና ጣቢያ ይለካል። በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን አባል የሆነ ሰው ካርዱን ይዞ ክትትሉን እዚያው መጀመር ይችላል። መድኅኑ በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት የአማራ ክልል ወረዳዎች አንዷ ተሁለደሬ ነበረችና ሐይቅ ያሉ ዘመዶቻችሁ አሠራሩን ከማንም በፊት ያውቁታል።

ዛሬ ማታ አንድ ወረቀት ይውሰዱ። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ስም ከእሽጉ ላይ እየገለበጡ፣ ሚሊግራሙን፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወስዱ ይጻፉ። ማንበብ የሚያስቸግራቸው እናትና አባት ካሉዎት እርስዎ ይጻፉላቸው። የመጨረሻውን የግፊት ቁጥር ከነቀኑ ከሥሩ ያስፍሩ፤ ቁጥሩን ካላወቁት ቦታውን ባዶ ይተዉትና ነገ ጤና ጣቢያ ሄደው ይሙሉት። ወረቀቱን ከመታወቂያዎ ጋር አጥፈው ያኑሩት።